ስም የለሹ ቶርክ ሬንች ከወራት በኋላ፦ የማኒፎልድ ጋስኬት ቀይሬበት ያየሁት

ሶማሌ ተራ የገዛሁትን ቶርክ ሬንች፣ ማለትም ቡሎን በተወሰነ ልክ ብቻ የሚያጠብቅ መፍቻ፣ ብዙ ወራት ሰርቼበታለሁ። የቻይና ነው፣ ስም የለውም። ጫፉ ሶስት ስምንተኛ ኢንች ነው፣ ልኩ ከ5 እስከ 60 ኒውተን ሜትር ይሄዳል፣ የተሞላለት ቁጥር ላይ ሲደርስ "ቀጭ" ይላል። ባጭሩ መሀል ላይ ታማኝ፣ ታች ላይ ግን የማይታመን እቃ ነው።

የገዛሁት ለማኒፎልድ ጋስኬት ስራ ነበር፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን ማሸጊያ ለመቀየር። መኪናዬ ዕድሜ የጠገበች ኮሮላ ናት። ጠዋት ስትነሳ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሽከረከርበት ዙር) ይዋዥቃል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ ይሻላታል። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ፣ ኮዱም ፒ 0171 ሆነ። ትርጉሙ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ነው። ይህን ኮድ ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ኦክስጅን ሴንሰሩን ነው። ሴንሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወሬ ነጋሪ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

በስልክ በሚሰራ ትንሽ ስካነር ሳየው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሚኒሞ ላይ ኮምፒውተሩ ከ20 በመቶ በላይ ቤንዚን ይጨምራል። ዙሩን ወደ 2500 ሳወጣው ጭማሪው ወደ ጤነኛው ይጠጋል። ይህ ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር ምልክት ነው። ስሮትሉ (የአየር መግቢያው መዝጊያ) ሲዘጋ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቫኪዩም፣ ማለትም የመምጠጥ ኃይል፣ ይበረታል። ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነም በክፍተት የሚገባው ድርሻው ይጎላል።

የቫኪዩም ጌጅ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። መጽሐፎቹ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 22 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል ይላሉ። ያ ባሕር ጠለል ላይ ነው። በየ 300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ አትደንግጡ። በዚህ ቁጥር ብቻ ሞተሩ ሞቷል የተባለ ሰው አውቃለሁ።

ማኒፎልዱን ሳወርደው የጋስኬቱ ጎማ ጠፍጥፎ ደርቋል። በጥፍር ሲጫኑት አይመለስም። ከማውረዱ በፊት ባትሪውን መፍታትና ቱቦዎቹን ምልክት ማድረግ፣ እንደወረደ ደግሞ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ቀዳዳዎች በንጹህ ጨርቅ መድፈን ግድ ነው። አንዲት ዳዶ ሲሊንደር ውስጥ ከገባች የሰዓታት ስራ የሳምንት ይሆናል። ጋስኬቱ የሚያርፍበትን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። አልሙኒየም ነው፣ ይጫራል፣ ብናኙም ወደ ሞተሩ ይገባል። እኔ የፕላስቲክ መፋቂያና ማጽጃ ፈሳሽ በቂ ሆኖልኛል። የጎማ ጋስኬት ላይ ሲሊኮን መቀባት ደግሞ አይገባኝም። ጎማው ራሱ ሊዘጋ ነው የተሰራው፣ ሲሊኮኑ ያንሸራትተዋል።

አሁን ወደ ሬንቹ። አንድን ቡሎን ስናጠብቅ ከምናሳርፈው ጉልበት 90 በመቶ ገደማውን ሰበቃ ይበላዋል፣ ግማሹን ከቡሎኑ ራስ ስር፣ ሌላውን ጥርሱ ላይ። ቡሎኑን በትክክል የሚስበው የቀረው 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ቆሽሾ ከሆነ ሬንቹ "ቀጭ" ይላል፣ ጋስኬቱ ግን ገና አልተጨመቀም። ዘይት ከተቀባ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ቁጥሩ ሳይለወጥ ቡሎኑ ከልክ በላይ ይሳባል። ማንዋሉ ቀቡ ካላለ በቀር ጥርሱ ንጹህና ደረቅ ይሁን።

ሌላው ወጥመድ መለኪያው ነው። የጃፓን ማንዋሎች ኒውተን ሜትርም፣ ኪሎግራም ሴንቲሜትርም፣ ፉት ፓውንድም ይጽፋሉ። 22 ፉት ፓውንድ ማለት 30 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የኔ ሬንች የኒውተን ሜትሩንና የፉት ፓውንዱን መስመር ጎን ለጎን፣ በጣም ደቃቅ አድርጎ አትሞታል። 30ን በስህተት በፉት ፓውንዱ መስመር የሞላ ሰው ወደ 41 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የቴስታታው አልሙኒየም ጥርስ ይህን ላይችል ይችላል። እኔ የማልፈልገውን መስመር በቴፕ ሸፍኜዋለሁ። ባለ 8 ሚሊሜትር የማኒፎልድ ቡሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ይጠይቃሉ፣ የእናንተን ግን ከማንዋላችሁ ውሰዱ።

ሁሉንም ቡሎን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር፣ እያፈራረቁ፣ መጀመሪያ በግማሽ ጉልበት፣ ቀጥሎ በሙሉው። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ትኩስ ሞተር ላይ ያጠበቁት ሲቀዘቅዝ ሌላ ነው። "ቀጭ" ካለ ደግሞ አቁሙ። ለማረጋገጥ እያሉ ደጋግሞ ማስጮህ የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ በእያንዳንዱ ግን ትንሽ ይጨምራል።

ታዲያ እቃው እውነት ይናገራል? ሞርሳ ላይ አስሬ ሞከርኩት። ከጫፉ 30 ሴንቲሜትር ላይ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቼ ሰቀልኩ። ውሃው ብቻ 29.4 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ የጀሪካኑና የሬንቹ ክብደት ሲጨመር 31 አካባቢ። ሬንቹ 29 ላይ ስሞላው ጮኸ፣ 34 ላይ ስሞላው ዝም አለ። ለዚህ ዋጋ ጥሩ ነው። ላብራቶሪ ግን አይደለም፤ ዓለም አቀፉ መስፈርት ለዚህ አይነቱ የሚፈቅደው ስህተት 4 በመቶ ነው፣ በዓመት ወይም በ5000 ጊዜ አንዴ ይፈተሽም ይላል። በሁለት ሊትር ውሃ፣ 7 አካባቢ ስሞክረው ድምጹ ከነጭራሹ አይሰማም፣ እጅ ላይም ብዙ አይታወቅም። ስለዚህ ከ12 በታች አልጠቀምበትም። የስሮትል ትንንሽ ቡሎኖች ደግሞ የሚጠይቁት ያንኑ ዝቅተኛ ልክ ነው፣ ለነሱ ባለ ሩብ ኢንች ጫፍ ሬንች ያስፈልጋል።

ከወራት በኋላ ማስተካከያው ትንሽ ልል ብሏል፣ መቆለፊያውን ሁለቴ ማየት ለምጃለሁ። ስራ ስጨርስ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር እመልሰዋለሁ፣ ስፕሪንጉ ተጨንቆ እንዳያድር። ለመፍታት በፍጹም አልጠቀምበትም። መኪናዋን በተመለከተ ኮዱ አልተመለሰም፣ ክረምቱን በብርድ ጠዋቶች ያለችግር አለፈችው፣ የቤንዚን ጭማሪውም ከ5 በመቶ በታች ነው።

ልግዛው ለሚል፦ ለማኒፎልድ፣ ለቴንሽነር (ለቺንጋ መወጠሪያ)፣ ለውሃ ፓምፕ አዎ። ለጎማ ዳዶ አይሆንም። ኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፣ ይህ 60 ላይ ያበቃል። ለዚያ እስካሁን ባለ ግማሽ ኢንች ጫፉን ሬንች ከጎረቤት ነው የምዋሰው።