የሲያትል እሳት አደጋ መከላከያ ታሪክ በእግር ጉብኝት፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ፓዮኒየር ስኩዌር በሲያትል ለምንኖር ብዙዎቻችን ተሳፋሪ የምናወርድበት ወይም ወደ ስታዲየም ስንሄድ አቋርጠነው የምናልፈው ሰፈር ነው። እኔም 14 ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሳልፍበት ከኖርሁ በኋላ፣ በቅርቡ ከ11 ዓመት ልጄ ጋር የከተማዋን የእሳት አደጋ መከላከያ አጀማመር የሚተርክ የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት ሄድሁ። የድርጅቱን ስም ከመጥራት እቆጠባለሁ፤ ምክንያቱም የማመሰግነውም የምነቅፈውም አለኝ፣ አስጎብኚዎቹም በየቀኑ ይቀያየራሉ ተብያለሁ። ለሁለታችን የከፈልነው በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ሁለት ሰው ጠግቦ የሚነሳበትን ያህል ነው።

ጉብኝቱ የሚጀምረው በፈርስት አቨኑና በማዲሰን መገናኛ፣ ማለትም እሳቱ በተነሣበት ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1889 ከቀትር በኋላ፣ 24 ዓመት የሆነው ጆን ባክ የሚባል ስዊድናዊ አናጢ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ያሞቀው የነበረው ሙጫ ገንፍሎ ተያያዘ፤ ወለሉ ደግሞ የእንጨት ፍቅፋቂና አኳራጅ የጠጣ ነበርና ባክ ለማጥፋት የደፋው ውኃ እሳቱን ይበልጥ በተነው። ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ ጥፋቱን በላይኛው ፎቅ ባለው ቀለም ቀቢ ላይ ጥሎ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢታረምም ስህተቱ ዛሬም ድረስ ይነገራል። አስጎብኚያችን፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት፣ ይህን ለይተው መናገራቸው ከመጀመሪያው አሳመነኝ። ለነገሩ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 30 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ የውጫሌ ውል ከተፈረመ ከወር ብዙም አላለፈም፣ አዲስ አበባም ገና ድንኳን የሚበዛባት ጨቅላ ከተማ ነበረች።

የጉብኝቱ ምርጥ ክፍል ግን እዚያው ጥግ ላይ፣ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተደረገው ማሳያ ነው። ሽማግሌው ከጎኑ አምስት ቦታ የተበሳና ቀዳዳዎቹ በፕላስተር የታሸጉ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ ከቦርሳቸው አወጡና ልጄን አንዱን ፕላስተር እንድትልጥ ጠየቋት። ጠርሙሱን ሲጨምቁት ውኃው ርቆ ተወረወረ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስትልጥ እያጠረ ሄደ፤ አምስቱም ሲከፈቱ ውኃው የጠርሙሱን ጎን ታክኮ ወረደ እንጂ አልተወረወረም። ከዚያ በኋላ ነገሩን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የሲያትልን ውኃ ያቀርብ የነበረው ስፕሪንግ ሂል የሚባል የግል ኩባንያ ሲሆን፣ ከቧንቧዎቹ ከፊሎቹ የተቦረቦሩ ግንዶች ነበሩ፤ ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ቱቦ በጨመሩ ቁጥር የሁሉም ግፊት ይወድቅ ነበር። አዛዣቸው ለስብሰባ ሳን ፍራንሲስኮ ነበሩ። ከባሕሩ እንዳይቀዱ ውኃው ሸሽቶ ቱቦው አልደረሰም። ከንቲባው ሮበርት ሞራን እሳቱን ለመቁረጥ ብለው አንድ ሕንፃ በፈንጂ ቢያስነሡም እሳቱ ዘሎት አለፈ፤ እስኪነጋጋ ድረስም የንግዱ ሰፈር እንዳለ፣ ወደ 25 የሚጠጉ ብሎኮች፣ አመድ ሆኑ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የጮኸው ውሻ ዝም አለማለቱ ነው የሚደንቀው። በወሩ የከተማዋ ሕዝብ የውኃ አገልግሎቱ የከተማው ይሁን በሚለው ላይ ድምፅ ሰጥቶ 1,875 ለ51 ደገፈው፤ በጥቅምት ወር ደመወዝ የሚከፈለው የእሳት አደጋ መከላከያ ተቋቋመ፣ ጋርድነር ኬሎግም አዛዥ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1891 ስኖኳልሚ የተባለችው የእሳት አደጋ ጀልባ ከባሕሩ በቀጥታ እየሳበች መርጨት ጀመረች። የሴዳር ወንዝ ውኃ ግን ከተማዋ የደረሰው በ1901 ነው። ይህ ሁሉ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1880 3,533 ነዋሪ የነበራት ከተማ በአሥር ዓመት 42,837 ደርሳ፣ በእንጨት ምትክ በሸክላና በድንጋይ እየተገነባች፣ የመንገዶቿም ከፍታ አንድ ፎቅ ያህል እየተነሣ ባለበት ጊዜ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ክፍል ቆመው፣ ግድግዳውን እያስነኩ ነው የተረኩት፤ ልጄ እስካሁን የምታወራውም ስለ ጠርሙሱና ስለ ግንዱ ቧንቧ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ያን ያህል አልሆነልኝም። በእሳት አደጋ መከላከያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ በሰከንድ አቨኑ ሳውዝ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚጠበቁት ጥንታዊ መኪኖች ውብ ናቸው፤ ናሱ የሚያብለጨልጨውን የእንፋሎት ፓምፕ ማየት ብቻውን የሚያስመጣ ነው። ጉብኝቱ ግን እዚያ የሰጠን አሥር ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ስለተሰናበቱት ፈረሶች አንድ ዓረፍተ ነገር፣ በ1970 ስለተጀመረውና ልቡ ቀጥ ያለን ሰው ካለበት ድረስ ሄዶ ስለሚያድነው የሕክምና ቡድን ደግሞ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሰማን፤ ስለ አይጦች የሚነገሩት ቀልዶች ግን ረዥም ጊዜ ወሰዱ። በኦክሲደንታል ፓርክ ቆመው የሚገኙት የነሐስ እሳት አደጋ ሠራተኞች፣ በጥር 1995 በአንድ መጋዘን ቃጠሎ ለሞቱት አራት ባልደረቦች መታሰቢያ ናቸው፤ እዚያ ግን ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም አሉ፣ ያም በቂ ነበር።

የቀረብኝ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2010 በፍሪሞንት ሰፈር ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ቤተሰብ ቤት ተቃጥሎ አንዲት ወጣትና አራት ሕፃናት ሲሞቱ፣ ቀድማ የደረሰችው መኪና ውኃ መርጨት አልቻለችም፤ ውኃ የተገኘው ሌላ መኪና ሲደርስ ነው። የውኃ ግፊትን በጠርሙስ ያስተማረ ጉብኝት ይህን ዘልሎ ማለፍ አልነበረበትም። ሲያበቃ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እንደሚያስታውሱት፣ ነገር ግን በጽሑፋቸው ውስጥ እንደሌለ ነገሩኝ። ደብተራቸውን አውጥተው ቀኑን ሲጽፉ አይቻለሁ።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ዝናብ የማያሳልፍ ጫማ ያድርግ፤ መንገዱ ድንጋያማና ተዳፋት ስለሆነ የሕፃን ጋሪ አይመችም፤ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅም ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ መሰልቸቱ አይቀርም። መኪኖቹን በደንብ ለማየት የሚሻ ደግሞ ክፍት የሚሆኑበትን ቀን አስቀድሞ ጠይቆ ለብቻው ቢመለስ ይሻለዋል፤ እኛም በሳምንቱ ያደረግነው ይህንኑ ነው።