ሁለት ሳልሞኖች፣ ሁለት የመራቢያ መንገዶች

ሶካይና የአትላንቲክ ሳልሞን የሚባሉት ሁለት የዓሣ ዓይነቶች በባሕር አድገው ዕንቁላል ለመጣል ወደ ተፈለፈሉበት ወንዝ ሽቅብ ይመለሳሉ። ሴቷ የወንዙን ጠጠር በጭራዋ ትቆፍራለች፤ ወንዱ በዕንቁላሉ ላይ የዘር ፈሳሹን ይለቃል፤ እሷም መልሳ በጠጠር ትሸፍነዋለች። እስከዚህ ድረስ ተመሳሳይ ናቸው።

የአላስካና የምዕራብ ካናዳ ወንዞች ሶካይ ሳልሞን ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ወንዝ ከገባ በኋላ አይመገብም፤ ስቡና ጡንቻው ለጉዞውና ለመራቢያው ይውላል። ሴቷ ከ2000 እስከ 4000 የሚደርስ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ጉልበቷ እስኪከዳት ጎጆዋን ጠብቃ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ይህን ሞት ብክነት ብሎ መጥራት ግን ትልቅ ስሕተት ነው! በድኗ ከባሕር ያመጣችውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለወንዙ ይለቃል፤ ድቦች ወደ ጫካ የሚጎትቱት ዓሣ ዛፎችን ሳይቀር ያዳብራል። በጸደይ የሚወጡት ግልገሎች የሚበሏቸው ነፍሳትም ከዚሁ ይጠቀማሉ።

የኖርዌይና የስኮትላንድ ወንዞች የአትላንቲክ ሳልሞን በአንድ ኪሎ ክብደቷ 1500 ገደማ ዕንቁላል ታፈራለች፤ ስለዚህ አንዲት ትልቅ እናት ማጥመድ ብዙ ሺህ ዕንቁላል ማጥፋት ነው። ከጣሉት መካከል ጥቂቶቹ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ከስተው ወደ ባሕር ይወርዱና አገግመው ዳግም ይመጣሉ።

ግድብ ሲሠራ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፤ ለሶካይ እናት ግድቡን ደረጃ በደረጃ ዘላ የምትሻገርበት የውኃ መሰላል ይበቃታል፣ ለአትላንቲኳ ግን ከተርባይን የራቀ መውረጃም ያስፈልጋታል።