ፊት ሲጣመም ምን ይገዛል? መስታወት፣ የኤሌክትሪክ ማሽን ወይስ ቦቶክስ

ፊቱ የተጣመመ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ምች ነው» ይለዋል፤ ሌላው ማስቲካ አኝክ፤ ሌላው ደግሞ ኦንላይን ያየውን ማሽን ግዛ ይለዋል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ። የሚለወጠው ፊት ብቻ አይደለም፤ አንጎልም ነው።

በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች የፊት ነርቭ ሲቆረጥ፣ ጺማቸውን ያዝዝ የነበረው የአንጎል ክፍል በሰዓታት ውስጥ የፊት እግርን ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ባለቤቱ የጠፋውን ቦታ ጎረቤት ያዘው ማለት ነው። ነርቩ መልሶ የሚያድገው ደግሞ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ ክር መንገድ ስቶ ሌላ ጡንቻ ላይ ያርፋል። ሰውየው ማኪያቶ ሊጠጣ ከንፈሩን ሲያሞጠሙጥ ዓይኑ አብሮ ይጨፈናል። ይህ ሲንኪኔሲስ ይባላል። እዚህ ጋ ችግሩ የጉልበት ማነስ አይደለም፤ የትእዛዝ መደባለቅ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመዝነው «አንጎልን ያስተምራል ወይ?» ብዬ ነው።

መስታወት። ርካሹ ነው፤ ለእኔም አንደኛው ነው። እጃችን የት እንዳለ ዓይናችንን ጨፍነንም እናውቃለን፤ ጡንቻው ራሱ ለአንጎል ይነግረዋል። የፊት ጡንቻ ግን ይህን የሚናገሩ ህዋሳት እምብዛም የሉትም። መስታወቱ ያንን ክፍተት ይሞላል። ቀስ ብላችሁ ፈገግ በሉ። ዓይን መጥበብ ሲጀምር እዚያው አቁሙ፤ ዓይኑን ዘና አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ። በኃይል መግፋት የተሳሳተውን ልማድ ያጠነክራል። ማስቲካውም ይቅር፤ የማኘክ ጡንቻዎችን የሚያዘው ሌላ ነርቭ ነው።

የኤሌክትሪክ ማሽን። ጡንቻው ይንቀሳቀሳል፤ ያዘዘው ግን ባትሪው ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። ለሰውየው ተለክቶ የተሰጠ የፊት እንቅስቃሴ ግን ሊረዳ እንደሚችል ጠቁሟል፤ ማስረጃው ደካማ ቢሆንም። እኔ ብሬን ማሽን ላይ አላወጣም።

ኢኤምጂ ባዮፊድባክ። የጡንቻውን ሥራ በስክሪን ያሳያል፤ የመስታወት ታላቅ ወንድም በሉት። ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋው ከበድ ይላል፤ የሚያሠለጥን ባለሙያም ይፈልጋል።

ቦቶክስ። ጡንቻን የሚያዝል መርፌ ነው፤ የሚሰጠውም ለቆየ ሲንኪኔሲስ ነው። ያለቦታው የሚሠራውን ጡንቻ ለ3 ወይም 4 ወራት ያህል ዝም ያሰኘዋል። ያንን ጊዜ ከመስታወቱ ጋር ካልሠራችሁበት፣ ሲለቅ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይመለሳል።

ፊታችሁ የተጣመመው ገና ትናንት ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ለቤልስ ፓልሲ፣ ማለትም መንስኤው ሳይታወቅ ፊት በድንገት ለሚጣመምበት የነርቭ ሕመም፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ጥቅሙ። አልጨፈን ያለ ዓይን እንዳይደርቅ ጠብታ ይፈልጋል። እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ፊዚዮቴራፒስት ስትመርጡም ከመክፈላችሁ በፊት «ሲንኪኔሲስ ያለበት ሰው አሠልጥነው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን መስታወት ሰጥቶ ፊታችሁን አብሯችሁ የሚያይ ባለሙያ ካገኛችሁ፣ እሱን ያዙ።