ሳምሰንግ ቲ7 ባለ 1 ቴራባይት ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ ለዋጋው ይመጥናል?

ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወይም ትላልቅ ፋይሎችን በየቀኑ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ የሚያመላልስ ሰው ሳምሰንግ ቲ7 የተባለውን በገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ (በሚሞሪ ቺፕ የሚሠራ ፈጣን ዲስክ) ቢገዛ አይቆጭም። ፊልምና የቤተሰብ ፎቶ ለማስቀመጥ ብቻ የሚፈልግ ግን በዚያው ብር ብዙ ቦታ ያለው ተራ ሃርድ ዲስክ ቢወስድ ይሻለዋል። ይህ ፍርድ የመጣው ለወራት የሰርግ ቪዲዮ ሲጫንበትና ሲራገፍበት ከቆየ ዲስክ ነው።

ቲ7 በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። 58 ግራም ይመዝናል፣ ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር ነው፣ ስፋቱም ከባንክ ካርድ ብዙም አይበልጥም። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ኪስ ውስጥ መንገላታቱ አያሳስብም። ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ብቻ ቢያሳይ የጎደለ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1,000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

የተጻፈለት ፍጥነት ለማንበብ እስከ 1,050፣ ለመጻፍ እስከ 1,000 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ይህ የሚገኘው ግን በሰከንድ 10 ጊጋቢት (8 ቢት አንድ ባይት ነው) የሚያስተላልፍ ዩኤስቢ ፖርት ላይ ብቻ ነው። 100 ጊጋባይት የሰርግ ቀረጻ ብንወስድ፣ ፍጥነቱ መሃል ላይ ካልወረደ እንዲህ ባለ ፖርት 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በተለመደው ሰማያዊ ዩኤስቢ 3.0 ፖርት 4 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በአሮጌው ዩኤስቢ 2.0 ግን 40 ደቂቃ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ከተራው ሃርድ ዲስክ አይሻልም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፓችሁን ፖርት እዩ። ያላችሁ ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ።

«ኤስኤስዲዬ ቀርፋፋ ሆነ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ገመዱ ነው። ከዲስኩ ጋር ሁለት አጫጭር ገመዶች ይመጣሉ፦ አንዱ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ፣ ሌላው አንድ ጫፉ የተለመደው ዩኤስቢ። እነሱ ጠፍተው የስልክ ቻርጀር ገመድ ሲሰካ ዲስኩ ይሠራል፣ ፋይሉም ይከፈታል፤ ፍጥነቱ ግን 40 ሜጋባይት አካባቢ ይቆማል፤ አብዛኞቹ የቻርጀር ገመዶች ዩኤስቢ 2.0 ናቸውና። ለማረጋገጥ አንድ ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ገልብጣችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ማክ ላይ ደግሞ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ ዩኤስቢ የሚለውን ክፈቱ፤ ከዲስኩ ስም ሥር 480 ሜጋቢት ካለ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የፖርቱ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፎቶዎች ሲገለበጡ መዘግየታቸው ግን የተለመደ ነው፤ ለዚህ ገመዱን አትውቀሱ።

ትልቅ ኮፒ ላይ ፍጥነቱ መሃል ላይ ይወርዳል። ዲስኩ አዲስ ዳታ ሲመጣለት መጀመሪያ በአንድ ሴል (ዳታ የሚቀመጥበት የቺፑ ጥቃቅን ክፍል) አንድ ቢት ብቻ እየጻፈ በፍጥነት ይቀበላል፤ ይህ መቀበያ ሲሞላ በአንድ ሴል ሦስት ቢት ወደ መጻፍ ይገባል፣ ያ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። 10 እና 20 ጊጋባይት ለሚገለብጥ አይታወቅም፤ 300 ጊጋባይት በአንድ ጊዜ ለሚጭን ግን ይታወቃል። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ መቀበያውም ስለሚጠብ 150 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት።

ፎርማቱ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ከፋብሪካ ኤክስፋት ነው። ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም፤ ነገር ግን ኮፒ መሃል ሲቋረጥ ራሱን የሚጠግንበት መዝገብ የለውም። ዴስክቶፕ ላይ እየሠራችሁ መብራት ቢሄድ የተጀመረው ፋይል ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፎልደር ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ፣ ማክ ብቻ ከሆነ ኤፒኤፍኤስ አድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። የካሜራ ካርድ ደግሞ ቀረጻው ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ፈጽሞ አይደምሰስ። የሙሽሮች ቀን ተመልሶ አይቀረጽም፤ ከኤስኤስዲ ላይ የጠፋ ፋይልም ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ለማስመለስ ይከብዳል።

ፓስዋርድ ማድረግ ይቻላል። ከተረሳ ግን ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ሌላ መንገድ የለም። በአይፎን 15 ፕሮ ፕሮሬስ የተባለውን ከፍተኛ ጥራት ያለው የቪዲዮ ፎርማት ቀጥታ ወደ ዲስኩ መቅረጽ የሚፈልግም ፓስዋርዱን ማንሳት አለበት።

አቧራና ዝናብ ባለበት የሚሠራ ሰው ጎማ የለበሰውን ቲ7 ሺልድ ይምረጥ፤ 98 ግራም ነው፣ ከአቧራና ከውሃ ርጭት ይጠብቃል። ያለቀለትን ሥራ ግን በሁለቱም ላይ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ አትተዉት፤ ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ዳታው ሊጠፋ ይችላል።

በገበያ «16 ቴራባይት» ተብለው በፍላሽ ዋጋ የሚሸጡት የውሸት ናቸው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ሲሞላ በቀድሞው ፋይል ላይ እየደረበ ይጽፋል፣ የቀድሞው ፋይል ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ በማክና በሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ዲስኩን እስከ ጥግ ሞልተው መልሰው በማንበብ ያጋልጡታል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚገዛላችሁ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይህን ፈተና እዚያው እንዲያደርግና ደረሰኙን እንዲያስቀምጥ ንገሩት፤ የ3 ዓመት ዋስትናውን ለመጠየቅ ደረሰኙ ያስፈልጋል።