ኤምአይቲ ወይስ ስታንፎርድ? የድሮ ፕሮግራመሮች አራድኛ

ሃከር ሲባል ሌባ ብቻ ለሚመስላችሁ፣ ቃሉን በኮምፒውተር ሰፈር ያስለመዱት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመጫወቻ ባቡር ሲገጣጥሙ የሚያመሹ ተማሪዎች ናቸው፣ ሃክ ማለት ያኔ አሪፍ ብልሃት ነው በቃ።

የኤምአይቲዎቹ ቀልድ ከኮዱ ነው የሚወጣው። ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አዎ ወይም አይ የሚመልስ ፈንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ስሙ መጨረሻ ላይ ፒ ይደረግበታል፣ እነሱም ወሬያቸው ውስጥ ከተቱትና ሲርባቸው "ፉድ-ፒ?" ይባባሉ ነበር፣ ልክ የኛ "ወይ" ማለት ነው (እንብላ ወይ?)። ከነሱ አንዱ ቢል ጎስፐር ደግሞ ቻይና ምግብ ቤት ለሁለት ሰው የሚሆን ሾርባ የሚካፈለው ፈልጎ "ስፕሊት-ፒ ሱፕ?" አለ፣ ስፕሊት በእንግሊዝኛ መካፈል ነው፣ ስፕሊት ፒ ደግሞ የአተር ክክም ስለሆነ ቀልዱ ድርብ ነው፣ ሰምና ወርቅ በሉት። ኮምፒውተራቸውን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም፣ አይቲኤስ፣ ፓስወርድ እንኳን አልነበረውም፣ ስሙም ከሱ በፊት የነበረውን "ተጣጣሚ" የተባለ ሲስተም ለማሾፍ "የማይጣጣም" ተባለ።

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ላብ ግን ኑሮ ነበር። መክሰስ የሚሸጠው ማሽን ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ በዱቤ ይሰጥ ነበር፣ የሰፈር ሱቅ በሉት፣ ልዩነቱ ደብተሩን የሚይዘው ኮምፒውተሩ መሆኑ ነው። ደሞ እ.ኤ.አ. በ1975 ራፋኤል ፊንክል የሚባል ሰው እነዚህን የፕሮግራመር አራድኛ ቃላት በአንድ ፋይል መሰብሰብ የጀመረው እዚያ ነው፣ ኤምአይቲዎች በኋላ ነው የጨመሩበት።

እኔ ለጨዋታ ኤምአይቲን ነው የምመርጠው፣ ለዱቤው ግን ስታንፎርድ።