ከሰብቨርዥን ወደ ጊት ስንዛወር የኮድ ታሪካችንን ላተረፈችልን ባለሙያ

ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት የደመወዝ ፕሮግራማችን እንዳይሳሳት የሚጠብቁ ጥቂት የኮድ መስመሮች አሉ። የጻፋቸው ባልደረባችን ከለቀቀ ቆይቷል። ለምን እንደዚያ እንደጻፋቸው የሚያስረዳው በ2007 ዓ.ም. ከለውጡ ጋር የተወው ማስታወሻ ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ኮዳችንን ከሰብቨርዥን ወደ ጊት (ሁለቱም የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግቡ ሥርዓቶች ናቸው) ስናዛውር ያ ማስታወሻ ቀርቶብን ነበር፤ መቅረቱንም አላወቅንም።

ዝውውሩን የሠራነው እኛው ነን። ሲያልቅ የሁለቱን ማህደሮች የመጨረሻ ይዘት አስተያየን፤ አንድም ልዩነት አልነበረም። አሮጌውን ሰርቨር ልንዘጋ ስንል አንድ ወዳጄ ከዚህች ባለሙያ ጋር አገናኘኝ። የሠራነውን ካየች በኋላ «የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ነው ያያችሁት» አለችን፤ አዲሱ ማህደር ላይም ማንም ሥራ እንዳይጀምር አስቆመችን።

ማስቆሟ ያኔ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስሰማ ግን አመሰገንኋት። ጊት ለእያንዳንዱ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) የሚሰጠው ባለ 40 ምልክት መለያ ከይዘቱ፣ ከጸሐፊው ስም፣ ከቀኑ፣ ከማስታወሻውና ከቀደመው ኮሚት መለያ ተሰልቶ ይወጣል። ከመነሻው አንዱ ቢታረም ከእርሱ በኋላ ያሉት መለያዎች በሙሉ ይለወጣሉ። ሰው ሥራ ከጀመረበት በኋላ ማረም ታላቅ ጣጣ ነው።

ከ4,000 የሚበልጡትን ሪቪዥኖች (በሰብቨርዥን የተመዘገቡትን ለውጦች) ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ከሁለቱም ወገን አውጥታ ፋይል በፋይል አነጻጸረች። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ የተቀመጠው ትራንክ የሚባለው ዋናው የሥራ ፎልደር ከመፈጠሩ በፊት ነበር። እኛ ደግሞ ትራንክን ብቻ ውሰድ ብለን አዝዘናል። የእነዚያ ዓመታት ድካም ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ቀን የጻፈው ይመስል በአንድ ኮሚት ተጠቅልሎ ገብቶ ነበር። የጳጉሜዋ ማስታወሻም እዚያ ውስጥ ቀልጣለች።

ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ የታጎቹ (የየዕትሞቹ ምልክቶች) ነገር ነው። በሰብቨርዥን ታግ ማለት የተቀዳ ፎልደር ስለሆነ ከተፈጠረ በኋላም ሊነካ ይችላል። አንዱን ታግ ከፈጠርን በኋላ እርማት ጨምረንበት ለደንበኞች የላክነው እርሱን ነበር። በጊት ውስጥ የገባው ግን እርማቱ የሌለው ነው! ደንበኛ ስለዚያ ዕትም ቢጠይቀን የምንመረምረው ሌላ ኮድ ነበር ማለት ነው።

ልዩነቱን ሁሉ ስሕተት ብላ አላስፈራራችንም። ጊት ባዶ ፎልደሮችን እንደማይዝ፣ የመስመር ማብቂያ ምልክቶችም በሁለቱ ሥርዓቶች ሊለያዩ እንደሚችሉ ለይታ ጻፈችልን። ሁለት ሰዎች በጋራ የተጠቀሙበት አንድ የመግቢያ ስም ነበር፤ የማን ሥራ እንደሆነ አልገመተችም፤ ስሙን እንዳለ ተወችው። ይህ ታማኝነቷ ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። ለምትፈልጉ በውስጥ መልእክት ስልኳን እሰጣለሁ። የሰብቨርዥን ማህደራችሁን ሙሉ ቅጂና የቀድሞ ሠራተኞቻችሁን የመግቢያ ስሞች ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው። አሮጌውን ሰርቨርም አትዝጉት። የእኛው በእርሷ ምክር ለንባብ ብቻ ክፍት ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።