ክንዴን ልሰፋ ሄጄ የኤች አይ ቪ ምርመራ ተጨመረልኝ

ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ድንገተኛ ክፍል ስላገኘሁት አገልግሎት ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም። ባጃጅ ስነዳ ወድቄ ክንዴ ተሰንጥቆ ነበር የገባሁት። (ባጃጇ ደህና ናት፤ ላሳሰበው ሰው።)

ስፌቱ ጥሩ ነው። የሐኪሙ እጅ ቀላል ነው፤ ጠባሳውም ብዙም አይታይም። ካርድ ክፍሉ ግን ያው የምታውቁት ነው።

ቁስሌ እየታጠበ ሳለ ሲስተሯ «የኤች አይ ቪ ምርመራ ለሁሉም ታካሚ ነው የምንሰራው። አልፈልግም ካልክ መብትህ ነው፤ ሕክምናህ አይቋረጥም» አለችኝ። አነጋገሯን ወደድኩት። ጣትህን ትወጋለች፣ ጠብታ ደም ትወስዳለች፤ ውጤቱ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ክፍያ የለውም። እሺ አልኩ።

አጠገቤ ያለው ጎረምሳ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ለምን እኔን? ምን አይታችሁብኝ ነው?» አለ። ሲስተሯ «ሁሉንም ነው የምንጠይቀው፤ ይሄው እሱም ተመርምሯል» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ልጁ ረገብ አለ። እኔ ግን ሳላስበው የክፍሉ ማሳያ ሆንኩ!

ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንዲት እናት ደግሞ ሳቁ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ? ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ!» አሉ። እንደዚያም ሆኖ ጣታቸውን ዘረጉ። «መቼም ስትወጉኝ ልትውሉ አይደል፤ አንድ ጨምሩበት ልጄ» አሏት።

ጥግ ላይ የተኙት አባት ዝም አሉ። መጋረጃው ግማሹን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ከመጋረጃው ማዶ ወንድማቸው፣ የእህታቸው ልጅና ሁለት የሰፈር ሰዎች ቆመዋል። «ሌላ ጊዜ» አሉ። አስታማሚዎቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ግን ራሳቸው ሲስተሯን ጠርተው «አሁን እዪኝ» አሏት። እንግዲህ እምቢ ያስባላቸው ቆሞ የሚሰማው ዘመድ ነበር። ይሄን የሚያስተካክል አንድ ረዘም ያለ መጋረጃ ነው፤ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ሌላው ቅሬታዬ ማብራሪያው ማጠሩ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እስካሁን ግን ውጤቱን እንደ ሞት ፍርድ የሚቆጥር ሰው አለ። የመጀመሪያው ምርመራ ቫይረሱን ቢያሳይ በሌሎች ምርመራዎች እንደሚረጋገጥ፣ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍ ያን ጊዜ ማንም አልነገረን። በቅርብ ቀን የተያዘ ሰው ውጤቱ ነጻ ሊያሳይ ስለሚችል ከ3 ወር በኋላ መደገም እንዳለበትም ጠይቄ ነው የሰማሁት። ያ ጎረምሳ ይሄን ቢሰማ ኖሮ ያን ያህል የሚደነግጥ አይመስለኝም።

ውጤቴን ጠጋ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ለዚህ ሙሉ ነጥብ። ምን እንደሆነማ አልጽፍላችሁም፤ ምስጢር አይደል እንዴ!

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። አንዷን የቀነስኩት በመጋረጃው፣ አንዷን በካርድ ክፍሉ። አስታማሚ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ጥያቄው ሊመጣ ሲል ሻይ አምጣ ብላችሁ ላኩት። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ቡናም ታፈላለች።